«ሰባት ዓመት የሠራሁበት እጄ ከዳኝ»

 

በየሳምንቱ የሚደርሰን ደብዳቤ አብዛኛው የፍቅር፣ የትዳርና የጓደኛ ጣጣ ነው። የዛሬዋ ባለ ደብዳቤም «የምተማመንበት ከዳኝ» ብላ ስትጀምር ያው የለመድነው የወንድ ክህደት መስሎን ነበር። ወረድ ስንል ግን ከዳኝ ያለችው የገዛ እጇን ሆኖ አገኘነው። ስሟንም ሰፈሯንም እንዳንጠቅስ ስለለመነችን ትተነዋል። ደብዳቤው ረዘም ስለሚል አሳጥረነዋል፤ አነጋገሩ ግን የራሷ ነው።

«ዕድሜዬ 27 ነው። 12ኛን ጨርሼ የታይፕ ኮርስ ከወሰድኩ በኋላ ላለፉት ሰባት ዓመታት ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ እየሠራሁ ነው። መመካት አይሁንብኝና በእጄ ፍጥነት የሚያማኝ የለም። አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም ኪቦርዱን ሳላይ ነው የምጽፈው። የመመረቂያ ጽሑፍ በሚግተለተልበት ሰሞን ተማሪዎቹ ‹እሷ ትሥራልን› እያሉ ወረፋ የሚይዙት እኔ ጋ ነበር። አሠሪዬ ራሳቸው ለሰው ሲያስተዋውቁኝ ‹ይቺ እኮ ማሽን ናት› ይሉኝ ነበር።

»ከሁለት ወር በፊት አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ ‹ዊንዶውስ 10 ከእንግዲህ ጠባቂ የለውም፤ ቫይረስ ይጨርሳችኋል› ብሎ ስላስፈራራቸው ዊንዶውስ 11 የተጫነባቸው ሦስት ኮምፒውተሮች ገዝተው መጡ። ኮምፒውተሮቹ ፈጣን ናቸው፤ አላማቸውም። የፈዘዝኩት እኔ ነኝ። ስታርት የምትባለው ከጥጓ ተነሥታ መሐል ገብታለች። ሰው ፍላሹን ሰጥቶኝ ‹ቶሎ በይ፣ ታክሲው ሊያመልጠኝ ነው› ሲለኝ ፋይሉ ላይ ራይት ክሊክ አደርግና ሴንድ ቱን ስፈልግ የለችም። ፕሪንትን ስፈልግ የለችም። ኮፒና ፔስት ስማቸው ጠፍቶ ትንንሽ ሥዕል ሆነዋል። ድሮ የአምስት ሰው ጽሑፍ ከፍቼ ስሠራ የእያንዳንዱ ስም ከታች ተደርድሮ ይታየኝ ነበር። አሁን ሁሉም በአንዲት ምልክት ሥር ተሸጉጠው የማንን እንደከፈትኩ ይጠፋኛል። ባለፈው የአንዱን ሰው የሥራ ማመልከቻ ፕሪንት አድርጌ ለሌላው ሰጥቼ የተነሣው ጠብ ለጉድ ነው! የቆዩ የአማርኛ ፋይሎችም ስከፍታቸው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ይሆኑብኛል።

»አጠገቤ አንድ የ19 ዓመት ልጅ አለ። ከተቀጠረ ስድስት ወር አልሞላውም። እሱ ምንም አልመሰለውም፤ ‹አንቺ እኮ ኦልድ ሞዴል ነሽ› ይለኛል እየሳቀ። ደንበኞቼ ወደ እሱ ዞሩ። ከደሞዜ ሌላ በገጽ የሚታሰብልኝ ስላለ ገቢዬ ቀንሷል፤ እናቴንና ታናሽ እህቴን የማስተዳድረው ደግሞ እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት አሠሪዬ ‹እስከ ወሩ መጨረሻ ካልለመድሽው ሌላ ሰው ለመፈለግ እገደዳለሁ› አሉኝ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እንዲህ በአንድ ጊዜ የሚደነቁር ሰው አለ? ሳያባርሩኝ በክብሬ ልልቀቅ ወይስ ምን ይሻለኛል?»

እህታችን፣ አትልቀቂ! ይኼን ከሁሉ አስቀድመን ብንነግርሽ ይሻላል፤ ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል።

«የሚደነቁር ሰው አለ?» ላልሽው፣ አልደነቆርሽም። እስቲ እናትሽን አስቢያቸው። ማታ ወጥ እየሠሩ መብራት ቢጠፋ ወጡን ትተው ይቀመጣሉ? አይቀመጡም። ጨው የት እንዳለ፣ በርበሬው በየትኛው ጣሳ እንደሆነ፣ ማማሰያው የት እንደተሰቀለ እጃቸው ያውቀዋል። አሁን አንድ ሰው «ማድ ቤቱን ላሳምረው» ብሎ ገብቶ ጨውን በስኳሩ ቦታ፣ ስኳሩን በጨው ቦታ ቢያስቀምጠው፣ ማማሰያውን ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ቢደብቀው ምን ይሆናል? ሠላሳ ዓመት ወጥ የሠሩት ሴትዮ ሽሮ ላይ ስኳር ይነሰንሳሉ። ማድ ቤት ገብታ የማታውቅ ልጅ ግን ሁሉንም ነገር በዓይኗ እየፈለገች ስለምታነሣ እንዲያ አትሳሳትም። ያንቺና የ19 ዓመቱ ልጅ ጉዳይ ይኼው ነው። እሱ የሚረሳው የድሮ ቦታ የለውም። አንቺ ግን አዲሱን ከመልመድሽ በፊት እጅሽ የሚያውቀውን አሮጌ ማስረሳት አለብሽ፤ ስለዚህ ድካምሽ እጥፍ ነው። ለጊዜው በጣም የሚደናበረው በጣም የለመደው ነው። «ማሽን» ያሰኘሽ ነገርና አሁን ያስለቀሰሽ ነገር አንድ ነው።

ይኼ ደግሞ የኛ ማጽናኛ ብቻ አይደለም። ዶናልድ ኖርማን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር በ1988 ባሳተመው መጽሐፍ የበር፣ የምድጃና የስልክ አሠራር እያነሣ ያስረዳው ይኼንኑ ነው። (ዛሬ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች፣ የኛ ነው ካላልን በቀር፣ በፈረንጆቹ ናቸው።) ሰው መጎተት ያለበትን በር ሲገፋ «ምን ነካኝ!» ብሎ ራሱን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን ግፋኝ የሚል መልክ ይዞ የሚጎተተው በር ነው ባይ ነው ኖርማን። አየሽ፣ ሽንት ቤት ገብተሽ ያለቀስሽው በሩን ሰርቶ ለሰቀለው ሰው ስትይ ነው።

አሁን ነገሩ ከየት እንደመጣ ጥቂት እናጫውታችሁ፤ ሌሎቻችሁም ብትሆኑ በዚህ ጉዳይ ያልተናደደ ያለ አይመስለንም።

ስታርት የምትባለው ቁልፍ የተወለደችው ኦገስት 24 ቀን 1995 ከዊንዶውስ 95 ጋር ነው። ከታች በግራ ጥግ ተቀመጠች፤ ከጎኗም የተከፈቱትን ሥራዎች የሚያሳየው መስመር፣ ታስክባር የሚሉት፣ ተዘረጋ። (ኮምፒውተሩን ለመዝጋት «ጀምር» የሚለውን መጫን ያስቅ ነበር፤ ቢሆንም ተለመደ።) በኤክስፒም፣ በቪስታም፣ በዊንዶውስ 7ም መልኳ ሲቀያየር ቦታዋ ግን ያው ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ! በዓለም ዙሪያ ቢሮ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እጁ ሳያስብ ወደ ግራ ጥግ የሚሄድ ሆነ።

ከዚያ ኦክቶበር 26 ቀን 2012 ዊንዶውስ 8 መጣ፤ ስታርትም ጠፋች። በ2010 አፕል በጣት የሚነካውን አይፓድ አውጥቶ ገበያውን ሲያምሰው ማይክሮሶፍት «እኔስ?» ብሎ በጣት ለሚነካ ስክሪን የሚመች ነገር ሠራ። ክፋቱ፣ ያንኑ በማውዝ ለሚሠራውም ሰው ጫነበት። ኮምፒውተሩ ሲከፈት ቀለም የተቀቡ ትልልቅ አራት ማዕዘኖች ስክሪኑን ሞልተው ብቅ ይላሉ፤ እንደ ልጆች መጫወቻ። ለመዝጋት ቀስቱን ቀኝ ጥግ ወስዶ መጠበቅ፣ ተደብቆ የነበረ መስመር ሲወጣ ሴቲንግስን መንካት፣ ከዚያ ፓወርን፣ ከዚያ መዝጊያውን። ትዕግሥቱ ያለቀ ሰው ማብሪያ ማጥፊያውን ተጭኖ ይገላገላል።

እንዴት ደፈሩ ያላችሁ እንደሆነ፣ ቆጥረን ነው ብለዋል። ዊንዶውስ 8 ከመውጣቱ በፊት፣ በ2011 መሐንዲሶቹ እንዳስረዱት፣ ሰዎች የሚፈልጉትን ፕሮግራም ታስክባሩ ላይ እየለጠፉ ስለሚሠሩ ወደ ስታርት ሜኑ የሚሄዱበት ጊዜ እየቀነሰ ነበር። ቁጥሩ ልክ ይሆናል። ግን እንጠይቃችሁ፤ ጃንጥላ በዓመት ስንት ወር ትይዛላችሁ? ክረምቱን ብቻ አይደል? ታዲያ አንድ ሰው «ዘጠኙን ወር እንደማትነካት ቆጥሬአለሁ» ብሎ ሐምሌ ላይ ጃንጥላችሁን ቢወስድባችሁ ምን ትሉታላችሁ? እኛ ቆጠራ አንጠላም፤ ነገር ግን ቆጠራው አንድ ነገር ስንት ጊዜ እንደተነካ እንጂ ሲጠፋ ሰው ምን እንደሚሆን አይናገርም።

የሆነውን ታውቃላችሁ። በኖቬምበር 2012 ያኮብ ኒልሰን የተባለ የዚህ ሙያ አንጋፋ 12 ልምድ ያላቸውን ተጠቃሚዎች አስቀምጦ ሞከረውና ለጀማሪውም ለባለሙያውም የማይመች ነው ሲል ፈረደ። የተደበቀ ነገር ይረሳል ነው ነገሩ። በዚያው ወር የዊንዶውስ ክፍል ኃላፊ የነበረው ስቲቨን ሲኖፍስኪ ኩባንያውን ለቀቀ፤ «የግል ውሳኔዬ ነው» አለ፣ እኛም ከዚህ አናልፍም። ተጠቃሚው ደግሞ የድሮዋን ስታርት በጓሮ በር የሚመልሱ ክላሲክ ሼልን የመሳሰሉ ፕሮግራሞችን እያወረደ ይጭን ጀመር። በዓመቱ፣ ኦክቶበር 17 ቀን 2013፣ ዊንዶውስ 8.1 ሲወጣ ስታርት ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ደስ አይበላችሁ! ሲጫኗት የምትወስደው ወደዚያው ወደ ባለ አራት ማዕዘኑ ስክሪን ነበር። በር ተመለሰ፣ ቤቱ አልተመለሰም። እውነተኛው ሜኑ የተመለሰው ጁላይ 29 ቀን 2015 ከዊንዶውስ 10 ጋር ነው። ዊንዶውስ 9 የሚባል እንኳ አልወጣም፤ ዘለውት አለፉ።

ስለዚህ እህታችን፣ አንቺን ያስለቀሰሽ ዊንዶውስ 11 ኦክቶበር 5 ቀን 2021 ሲወጣ ታሪኩ አዲስ አልነበረም። እውነቱን ለመናገር የዚህኛው ሐሳብ እንደ ዊንዶውስ 8 ግልብጥ ያለ አልነበረም። ራይት ክሊክ ሲደረግ የሚመጣው ዝርዝር የተጫነው ፕሮግራም ሁሉ የራሱን መስመር እየጨመረበት እንደ ሎተሪ ቁጥር ዝርዝር ረዝሞ ነበር፤ ማሳጠራቸው ክፉ አይደለም። ክፋቱ ሲያሳጥሩ አንቺ በቀን መቶ ጊዜ የምትነኪያትን ሴንድ ቱን ከማትነኪያቸው ጋር አንድ ላይ ወደ ጓዳ መክተታቸው ነው። ሲወጣ የጎደሉትም ብዙ ነበሩ፤ ፋይል ጎትቶ ታስክባር ላይ ያለ ፕሮግራም ውስጥ መጣል አይቻልም ነበር፣ በ2022 ተመለሰ። የተከፈቱ ጽሑፎችን በየስማቸው መደርደር አይቻልም ነበር፣ በ2023 ተመለሰ። ስም አልባዎቹ የኮፒና የፔስት ሥዕሎች በ2024 ከሥራቸው ስማቸው ተጻፈላቸው። የተመለሰው ሁሉ ሰው ስለጮኸ ነው። ተጠቃሚው ደንቆሮ ቢሆን ኖሮ ኩባንያው እያንዳንዷን መልሶ ባላስቀመጠ!

ወደ መፍትሔው እንምጣ። ዛሬ ማታ ሱቁ ሳይዘጋ አምስት ደቂቃ ስረቂ። ከታች ባለው ታስክባር ባዶ ቦታ ላይ ራይት ክሊክ አድርጊና ታስክባር ሴቲንግስ የሚለውን ክፈቺ። ታስክባር ቢሄቪየርስ የሚለው ውስጥ አላይመንት የሚል አለ፤ ሴንተር የሚለውን ወደ ሌፍት ለውጪው። ስታርት ተመልሳ ግራ ጥግ ትቀመጣለች። ከዚያው ሳትወጪ ኮምባይን ታስክባር በተንስ የሚለውን ፈልጊና ኔቨር አድርጊው፤ የአምስቱ ሰው ጽሑፍ በአምስት ስም ተደርድሮ ይታይሻል፤ የማመልከቻውም ጠብ አይደገምም። ይኼ ምርጫ ከሌለ ኮምፒውተሩ አፕዴት አልተደረገም ማለት ነው፤ አሠሪሽ ያስደርጉት። የኮፒና የፔስት ሥዕሎች ስም አልባ መሆናቸውም የሚያሳየው ይኼንኑ ነው።

ሴንድ ቱ አልጠፋችም፤ ተደብቃ ነው። ራይት ክሊክ ካደረግሽ በኋላ ከታች ሾው ሞር ኦፕሽንስ የሚል አለ፤ እሱን ስትነኪ የድሮው ዝርዝር ከነ ሴንድ ቱው፣ ከነ ፕሪንቱ ይመጣል። ሁልጊዜ ሁለቴ መንካት ከሰለቸሽ ደግሞ ፋይሉን መርጠሽ ሺፍትና ኤፍ 10ን አንድ ላይ ተጫኚ፤ ቀጥታ የድሮው ይከፈታል። እጅሽ ፈጣን ነው አላልሽም? በሁለት ቀን ትለምጂዋለሽ።

ከሁሉም የምንመክርሽ ግን ይኼን ነው፤ እምነትሽን ከስክሪኑ ላይ አንሺና ኪቦርዱ ላይ አድርጊው። ስክሪኑን እንደፈለጉ ይገለባብጡታል፤ ኪቦርዱን ግን አይደፍሩትም። ኮፒና ፔስትን ከባልደረቦቹ ጋር በ1970ዎቹ በዜሮክስ የምርምር ማዕከል የሠራው ላሪ ቴስለር በፌብሩዋሪ 2020 አረፈ። ዜድ፣ ኤክስ፣ ሲ እና ቪ የተባሉት ጎን ለጎን ያሉ ፊደሎች በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአፕል ኮምፒውተሮች ላይ ለዚሁ ሥራ ተመደቡ፤ ከኮንትሮል ጋር ሲጫኗቸው ዛሬም ያንኑ ይሠራሉ። ስንት ዊንዶውስ መጥቶ ሄደ፣ እነሱን የነካ የለም! ኮንትሮልና ፒ ፕሪንት ነው። ኤፍ 2 የፋይል ስም መለወጫ ነው። አልትና ታብ ከአንዱ ጽሑፍ ወደ ሌላው ያሻግርሻል። የዊንዶውስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ከኢ ጋር ብትጫኚ ፎልደሮችሽ ይከፈታሉ፤ ከዲ ጋር ዴስክቶፑ፤ ከስፔስ ጋር ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ። ቁልፏን ብቻዋን ተጭነሽ የፕሮግራሙን ስም መጻፍ ብትጀምሪ ደግሞ ራሱ ፈልጎ ያመጣልሻል፤ ስታርት መሐል ሆነች ጥግ ምን ቸገረሽ? ያ ልጅ በማውዝ እየፈለገ አንቺ ሳታዪ ስትሠሪ፣ ማን ኦልድ ሞዴል እንደሆነ ያኔ ይታያል።

የላቲን ፊደል ስለሚሆኑብሽ የአማርኛ ፋይሎች ግን አዲሱን ዊንዶውስ አትውቀሺው፤ ይኼ የሌላ ሰው ኃጢአት ነው። የኛ ፊደል ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚግባቡበት በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ መጻፊያዎች ፊደላችንን በላቲን ፊደል ቦታ ሸጉጠው ነበር የሚያስቀምጡት፤ በነሱ የተጻፈ ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት እንዲያ ይዘበራረቃል። አሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች ከመሸጣቸው በፊት መጻፊያ ፕሮግራሙ ከነፎንቱ አዲሶቹ ላይ ይጫን። ጽሑፉ አልጠፋም፤ እንዳትደልቺው!

አሁን ወደ አሠሪሽ። ተነጋገሪ እንጂ ተደብቀሽ አታልቅሺ። ደንበኛ በሌለበት ሰዓት፣ ልጁ በማይሰማበት፣ «ጋሼ፣ ሥራውን ሳይሆን ቦታውን ነው ያጣሁት፤ ለሁለት ሳምንት በየጠዋቱ ከመክፈታችን በፊት ግማሽ ሰዓት ልለማመድ» በያቸው። ሰባት ዓመት ያመጣሽላቸውን ደንበኛ ከሚያጡ ግማሽ ሰዓት መብራት ቢቃጠል ይቀላቸዋል። አለማወቃቸው እንጂ ክፋት አይመስለንም፤ ኮምፒውተር ሲገዙ ለማሽኑ ከፈሉ፣ ለመልመጃው ጊዜ ግን አልመደቡም። ብዙ አሠሪ እንዲህ ነው።

እምቢ ካሉስ? በአገራችን አቆጣጠር በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አለልሽ። አንቀጽ 28 ውልን በማስጠንቀቂያ ለማቋረጥ ምክንያት ይሆናሉ ብሎ ከዘረዘራቸው መካከል፣ አሠሪው ያዘጋጀውን ሥልጠና ሠራተኛው እምቢ በማለቱ ወይም ሠልጥኖም አስፈላጊውን ችሎታ ሊያገኝ ባለመቻሉ ሥራውን መቀጠል ሲያቅተው የሚለው ይገኛል። ልብ በዪ፤ ሥልጠና የሚል ቃል አለበት። አንቺን ማን አሠለጠነሽ? ማስጠንቀቂያውም ቢሆን የወር መጨረሻ በሚል ቃል አያልቅም፤ ከአንድ ዓመት በላይ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ ሁለት ወር ነው። ይኼን የምንነግርሽ አዋጅ ይዘሽ እንድትፋለሚ አይደለም፤ በልብሽ ይዘሽ ቀና ብለሽ እንድትነጋገሪ ነው። «በክብሬ ልልቀቅ» ያልሽው እንዲያውም የሚጎዳው አንቺን ነው፤ ራስሽ ከለቀቅሽ ማስጠንቀቂያ የምትሰጪው አንቺ ትሆኛለሽ።

ልጁንም አትቀየሚው። በ19 ዓመቱ አፉ እንጂ ልቡ አልከፋም ይሆናል። ራይት ክሊኩን እሱ ያሳይሽ፣ ሳያዩ መጻፉን አንቺ አሳዪው። በሰኔ ወረፋ ሲመጣ ማን ማንን እንደሚፈልግ እናያለን።

ቦታ ስለተረፈን አንዲት አጭር ደብዳቤ እንጨምር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነ ወንድማችን እንዲህ ይላል፤ «አባቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የሕይወት ታሪካቸውን በላፕቶፕ መጻፍ ከጀመሩ ሁለት ዓመታቸው ነው። ለእሳቸው አስቤ ዊንዶውስ 10ን ወደ 11 አሳደግኩላቸው። ሲያዩት ‹ይኼ የኔ አይደለም› ብለው ዘጉት፤ ይኸው ከሦስት ሳምንት በኋላም አልከፈቱትም። በደብተር በእጃቸው ነው የሚጽፉት። የድሮውን ልመልስላቸው ወይስ እስኪለምዱት ልጠብቅ?»

ወንድማችን፣ አሳብህ መልካም ነበር፤ አንድ ነገር ብቻ ቀረብህ፣ መጠየቅ። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ይል የለ ያገሬ ሰው! የድሮውን መመለስ በቀላሉ የሚቻለው ካሳደግከው በአሥር ቀን ውስጥ ነበር፤ አልፎሃል። ዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ የማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉ ተቋርጧል። ይኼ ማለት በዚያ ቀን ሥራውን አቆመ ማለት እንዳይመስልህ፤ ኮምፒውተሩ ይከፈታል፣ ይጻፍበታል፣ የደኅንነት መጠገኛ ግን እንደ ድሮው በነጻ አይመጣለትም። ኢንተርኔት ለሚጠቀም ሰው አደጋ አለው፤ ስለዚህ 11 ላይ መቆየቱን አንቃወምም።

ግን እንደነበረ አድርግላቸው። ስታርትን ወደ ግራ መልስ፤ እንዴት እንደሆነ ከላይ ጽፈናል። የጽሑፋቸውን ፋይል ዴስክቶፑ ላይ ብቻውን አውጣው፤ ሌላው ሁሉ ከዓይናቸው ይራቅ። የፊደሉን መጠን ከፍ አድርግ። የግድግዳውን ሥዕል እንኳ የድሮውን መልሰው፤ ቀላል ነገር እንዳይመስልህ፣ «የኔ አይደለም» ያሰኛቸው እሱም ሊሆን ይችላል። ከዚያ ከጎናቸው ተቀመጥና ሲፈልጉ ዝም በል። ማውዙን ከእጃቸው አትንጠቅ! አንተ ነጥቀህ በሁለት ሰከንድ ስታሳያቸው የሚማሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሳቸው እንደማይችሉ። ስምንት ደቂቃ ቢፈጅባቸውም ራሳቸው ያግኙት።

በደብተር የጻፉትን ደግሞ ተቀብለህ አንተ ታይፕ አድርግላቸው፤ የሦስት ሳምንት ሥራ ነውና እንዳይጠፋ። ማንበቡንም አትጠላውም።

ደብዳቤያችሁን እንጠብቃለን። ሳምንት ሰው ይበለን!